ቴፒ ፒዛ ቤት ለሽምግልና የሄድን ዕለት

ይህ ጉዳይ አራት ሺህ ሦስት መቶ ብር፣ አንድ የገበያ ቀንና የሦስት ቀን ቃር አስወጥቶኛል። ናፍጣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ፣ ጎማ ማስለጠፊያ ሁለት መቶ፣ ፒዛና ለስላሳ አንድ ሺህ አምስት መቶ። ቃሩ በነፃ ነው።

ረቡዕ፣ ንጋት 12:00፤ ሚዛን ተፈሪ

የወንድሜ ልጅ ዳዊት ቴፒ ካምፓስ ኬሚስትሪ ያስተምራል። እዚያው አንዲት ልጅ ወደደ፤ እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ልጅቷ ግን የአቶ ግርማ ልጅ ሆና ተገኘች። አቶ ግርማ በሰፈሩ ብቸኛው የጣሊያን ፒዛ ቤት ባለቤት ነው። አዲስ አበባ ጣሊያን ቤት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ ይላል፤ ወጥ ቤት ይሁን ዘበኛ ግን ማንም ደፍሮ አልጠየቀውም። ወንድሜ ካረፈ ቆይቷልና ሽማግሌ ይዞ መሄድ የእኔ ዕዳ ሆነ።

ሦስት ነን። መሪያችን ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ሚዛን ውስጥ እሳቸው ሳያስታርቋቸው የተፋቱ ባልና ሚስት የሉም፤ ካስታረቋቸው በኋላ የተፋቱ ግን ሞልተዋል። ሁለተኛው ሐጂ ከድር ናቸው፤ አባታቸው ከጅማ መጥተው የከፈቱትን የጨርቅ ሱቅ ዛሬም ይዘዋል፤ ዝም ብለው ብቻ ክርክር ያሸንፋሉ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። የተመረጥኩት ለጥበቤ አይደለም፤ ኮረሪማና ማር የምጭንባት ፒካፕ ስላለችኝ ነው።

ጋሽ በቀለ ጋቢያቸውን ሰብስበው ፒካፗ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ደንቡን አስታወሱን። «ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ እህል ውሃ አንቀምስም። ተቀመጡ ቢለንም አንቀመጥም። ገባህ ታደለ?»

«ገባኝ ጋሼ። ምግብ ቤት የምንሄደው ላለመብላት ነው።»

ቀኑን ረቡዕ ያለው ራሱ አቶ ግርማ ነው። ጾም ስለሆነ ሰው አይኖርም ብሎ። ቺዝ የሚሸጥ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ከነሙሉ ኪራዩ ያርፋል።

2:15፤ ሸኮ ከመድረሳችን በፊት

ማደያው ክፍት ነው፤ ናፍጣው ነው የሌለው። ከማደያው ፊት ለፊት አንዲት ሴት ጃንጥላ ዘርግታ በፕላስቲክ ጠርሙስ ትቸረችራለች፤ ሊትሩ ሁለት መቶ።

«እህቴ፣ ማደያው ያጣውን አንቺ ከየት አመጣሽው?»

«ከማደያው» አለችኝ፣ እያዘነችልኝ።

አሥራ ሦስት ሊትር አስቀዳሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ጭቃ፣ የቡና ጥላ ዛፍ፣ ጭጋግ፣ እንደገና ጭቃ። ሸኮ ላይ ጭቃው ጎማችንን ይዞ በስንት ግፊያ ለቀቀን፤ አለፍ እንዳልን አንዱ ተነፈሰ። አስለጥፈን እስክንነሳ ሐጂ አንድ እጅ ሙዝ ገዙ። ጋሽ በቀለ እስከ ስድስት ሰዓት አይቀምሱም፤ ሙዙን አላዩትም፣ ሐጂን ግን አዩአቸው። ሐጂ አንዱን ልጠው ሊጎርሱ ሲሉ ተዉት። ሙዙ የቀረውን መንገድ ከኛ ጋር ተጓዘ፤ ሦስት የተራበ ሰውና አንድ እጅ ሙዝ።

5:30፤ ቴፒ

ከደጋው ወርደን ቴፒ ስንገባ ሙቀቱ ጋቢያችንን ቀድሞ ያዘው። ፒዛ ቤቱ ከባጃጅ ማቆሚያው ጀርባ ነው። በግድግዳው ላይ ያ የታወቀው ዘመም ያለ የጣሊያን ግንብ ተሥሏል፤ ሠዓሊው ግን ፎቶው የተበላሸ መስሎት ግንቡን ቀጥ አድርጎ አቁሞታል። ጣሊያኖች ስንት ዘመን ያቃታቸውን ቴፒ በአንድ ቀን ጨረሰችው።

ውስጥ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ፤ ሰው የለም። የምንጠይቃት ልጅ ሰላም ገንዘብ መቀበያው ጋ ተቀምጣለች። በወጉ ዛሬ ከዓይናችን መሰወር ነበረባት፤ አስተናጋጇ ስለቀረች ግን ወጉ ለነገ ተላልፏል።

«ስንት ናችሁ?» አለችን፣ ሦስት መሆናችንን እያየች።

አቶ ግርማ ሽርጡን እንደታጠቀ ከምድጃው መጣ። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ዱቄት ያረፈበት ጢም አለው። «ተቀመጡ!» አለ።

«ቆመን ነው የምንነጋገረው» አሉ ጋሽ በቀለ።

«እዚህ ቤት የሚቆመው አስተናጋጅ ነው። መጀመሪያ ቅመሱልኝ፤ ከዚያ ጉዳያችሁን እሰማለሁ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀምስም።»

«እኔም ሳትቀምሱ አልሰማም።»

ተፋጠጥን። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ምሰሶ ቆምን። ሁለት ተማሪዎች በሩ ላይ ደርሰው ሲያዩን ግብር ሰብሳቢ መስለናቸው ተመለሱ። አቶ ግርማ የሄደውን ደንበኛ በዓይኑ ሸኘ።

«እንመለስ» አሉ ጋሽ በቀለ በሹክሹክታ። መመለስ ማለት ግን ዳዊት ቀረበት ማለት ነው። በማግሥቱ ሽማግሌ መለሱበት ተብሎ እስከ ማሻ ይወራል፤ አንዴ በመለሰ በር ላይ ሁለተኛ የሚቆም ሽማግሌ ደግሞ አይገኝም። ልጁ አባት የለውም፤ ያለው እኔ ነኝ።

ግድግዳው ላይ ያለውን የዋጋ ዝርዝር አየሁ።

«አቶ ግርማ፣ የጾሙ ስንት ነው?»

«አራት መቶ ሃምሳ» አለ ሳያስበው። ነጋዴ ነው፤ ዋጋ ሲጠየቅ አፉ ራሱ ይመልሳል።

«ሦስት አምጣልን፣ በሒሳብ። ከፍለን የበላነው የቤትህ እህል አይደለም፣ የገበያ ነው። አሁን ደንበኛ ነን፤ በልተን ስንነሳ ሽማግሌ እንሆናለን።»

ጋሽ በቀለ ሰዓታቸውን አዩ። ስድስት ከአምስት። «ደንቡን አይነካም» ብለው ፈረዱ፤ ሆዳቸው ቀድሟቸው ፈርዶ ነበር።

«ሥጋ የለውም?» አሉ ሐጂ።

«የጾም ነው ሐጂ።»

«እንግዲያው ለኔም ጾም ነው» ብለው ወንበር ሳቡ።

አቶ ግርማ ቀላ። ልጁን ሊጠይቅ ከመጣ ሰው ብር ሊቀበል ነው! ወደ ሰላም ዞረ። እሷ ግን ፊቷን ሳትፈታ፣ «ክፍያ በቅድሚያ ነው» አለችኝ። ከሦስት ለስላሳ ጋር አንድ ሺህ አምስት መቶ። «ደረሰኝ ልቁረጥ?»

6:40፤ ጠረጴዛው ላይ

ፒዛው መጣ። ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ቃሪያ። ዳሩ ከሰል፣ መሃሉ ጭቃ። ሸኮ ላይ ጎማችንን የያዘው ጭቃ ከዚህ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ጎማውን ለቆታል።

አቶ ግርማ ወንበር አዙሮ ፊታችን ተቀመጠ። «እሺ ደንበኞች፣ እንዴት ነው?»

«ሮም የበላሁ መሰለኝ!» አሉ ጋሽ በቀለ።

«ሮም ሄደው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

ሐጂ አፋቸው ሙሉ ስለነበር ራሳቸውን ነቀነቁ። እስካሁን እየነቀነቁ ያሉ ይመስለኛል።

አቶ ግርማ ወደኔ ዞረ። «ያንተ የወንድም ልጅ እዚህችው ወንበር ላይ ሆኖ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ጋሼ፣ መሃሉ አልበሰለም።› ሰው ፊት! ሦስት ወር ሰላም አላልኩትም።»

ነገሩ ገባኝ። ይህን ጉድ ዳዊት አልነገረኝም ነበር። ጋሽ በቀለ በዓይናቸው ‹ልጅ ነው፣ ተሳስቷል በል› ይሉኛል። ለኔ ደግሞ ምን ችግር አለው? ሃያ ዓመት ሙሉ እርጥብ ኮረሪማ ደረቅ ነው ብዬ የሸጥኩ ሰው ነኝ፤ አንዲት ውሸት ብትጨመር አትከብደኝም።

አቶ ግርማ ግን ባዶዎቹን ጠረጴዛዎች እያየ ቀጠለ፤ «ሁሉም ‹እጅህ ይባረክ› ይለኛል። ከፍሎ ይሄዳል። ተመልሶ የመጣ ግን የለም።»

ጉርሻዬን ዋጥኩ። ቀላል አልነበረም።

«ልጁ ልክ ነው» አልኩት። «አልበሰለም።»

ጋሽ በቀለ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ።

«ጥፋቱ ግን የሊጡ አይደለም፤ የእንጨትህ ነው። እኔ እርጥበትን በአፍንጫዬ ነው የምለየው፤ በሩ ላይ ሸቶኛል። ይህ እሳት ይጨሳል እንጂ አይግልም።»

አቶ ግርማ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። እንጨት ሲወራወር ሰማን። ሐጂ ጫማቸውን አጠበቁ፤ ሊሮጡ ነው መሰለኝ። ሲመለስ አንድ ግንድ ይዞ መጥቶ በፒዛዎቹ መሃል አስቀመጠው። የተቆረጠው ጫፉ ውሃ ያዣል።

«እንጨት ሻጩ ደረቅ ነው ብሎ ማለልኝ እኮ!»

«እኔም እየማልኩ ነው የምሸጠው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱን ቋጠረና፣ «ተነሱ!» አለ።

ተነሳን። ፒካፗን የት እንዳቆምኳት ማሰብ ጀመርኩ።

«በሉ ጠይቁኝ። ቆማችሁ አይደል ወጉ?»

ጋሽ በቀለ ከሚዛን ጀምሮ ያዘጋጁት ንግግር ነበር፤ ግማሹ ከሊጡ ጋር ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። «ልጅህን ለልጃችን...» ብለው ሳይጨርሱ አቶ ግርማ ተቀበላቸው።

«ሰጥቻለሁ። በዚህ ከተማ እውነቱን የነገረኝ እሱ ነው፤ ዛሬ ደግሞ አጎቱ። እናንተን ሁለታችሁን ግን እግዜር ይይላችሁ።»

«ቀጠሮ አትሰጠንም?» አሉ ጋሽ በቀለ። ሳይመላለሱ ማሸነፍ ከፍቷቸው።

«ቀጠሮ ካላችሁ ሌላ ፒዛ አለ።»

«ተስማምተናል!» አሉ ሐጂ። የዕለቱ ረጅሙ ንግግራቸው ነው።

«ለጥሎሽ ወርቅ አልፈልግም» አለ አቶ ግርማ ወደኔ እየጠቆመ። «አንድ ፒካፕ ደረቅ የቡና እንጨት። አሽትተህ የመረጥከውን።»

«ሁለት በል አባባ» አለች ሰላም ከገንዘብ መቀበያው።

ሁለት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ነው ቅጣቱ። ጉዳይ ካለቀ በኋላ የቀረበ እህል መመለስ ነውር ነው። አቶ ግርማ ሦስት ፒዛ ደገመን፣ በነፃ፣ በዚያው እንጨት የጋገረውን። ጋሽ በቀለ መጀመሪያ ቆረሱ። «ቆንጆ ነው» አሉ።

11:45፤ ሚዛን ተፈሪ

በመንገድ ላይ ማንም ስለ ሙዙ አላነሳም። ከተማ ልንገባ ስንል ዳዊት ደወለ።

«ጋሼ፣ ምን አሉ?»

«መጥረቢያ አለህ?»

«ለምን?»

«ቅዳሜ ለአማትህ እንጨት ስትፈልጥ ይገባሃል።»

ወጪ አራት ሺህ ሦስት መቶ ብር። ገቢ አንዲት ምራት። ገና ያልተጫነ ዕዳ፣ ሁለት ፒካፕ ደረቅ እንጨት።