በክርስትና የተለመንኩት አቻ

ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያስቆጠረኝ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ቼዝም ያሳየኝ እሱ። ልጄን ክርስትና አነሣልኝና አበልጅ ሆንን። ያኔ አንቱ እለው ነበር። እዚህ ላይ ግን «እሱ» ይበቃዋል።

በከተማችን የቼዝ ክበብ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው መምህር ወይ የቢሮ ሰው ነው። ከሥራ ዱቄት እንደ ለበስኩ ስገባ ጥቁሩን ጠጠር ነጭ እንዳታደርገው ይሉኛል፤ እስቃለሁ። በዚያ ዓመት ባሕር ዳር ለውድድር የሚሄደው አንድ ሰው ነበር። የመጨረሻው ጨዋታ የእኔና የእሱ ሆነ። በግማሽ ነጥብ ይበልጠኛል፤ አቻ ከወጣን እሱ ይሄዳል፣ ካሸነፍኩ እኔ። መሄድ እፈልግ ነበር። ለጆንያ ሳይሆን ለጨዋታ ተጠርቼ አንድ ቀን ከዚህ ከተማ መውጣት እፈልግ ነበር።

ደግሞም አሸንፌው ነበር። ወታደሬ ንግሥት ሊሆን አንድ ቤት ቀርቶታል፤ የእሱ ንጉሥ ሩቅ ነው፣ አይደርስበትም። ቆሞ የሚያየው ሁሉ ገብቶታል። ተማሪዎቹ ከኋላው ተደርድረዋል። ወደ እኔ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ፣

«አበልጄ፣ በልጃችን ክርስትና፣ በተማሪዎቼ ፊት አታዋርደኝ። አቻ እንበል። ባሕር ዳር አንተ ሂድ፤ እኔ አልመቸኝም ብዬ እተውልሃለሁ» አለኝ።

በእኛ ዘንድ በክርስትና የለመነ አበልጅ እምቢ አይባልም። ምስክር ጥራም አይባልም። እጄን ዘረጋሁ። ዳኛው አቻ ብሎ ጻፈ። ከኋላዬ አንዱ ይሄን ሰውዬ ምን ነካው ሲል ሰማሁ።

ይተዋል ብዬ ጠበቅሁ። አልተወም። በሚሄድበት ጠዋት መናኸሪያ ወረድኩ፤ የክበቡን ቱታ ለብሶ አውቶቡስ ይጠብቃል። ጠጋ ብዬ ያለኝን አስታወስኩት። አልካደም፤ ቢክድ ይሻለኝ ነበር። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገና፣

«ውጤቱ እኮ ጸድቋል። ደግሞ አንተ እዚያ ብትሄድ ትደነግጣለህ። ለአንተው ብዬ ነው» አለኝ።

ለእኔ ብሎ። እችን ነው ያልረሳሁለት።

ለፋሲካ የክርስትና ልጁን ሊጠይቅ መጣ። ባለቤቴ ነገሩን አታውቅም፤ አስቀምጣ ጠላ ቀዳችለት። ልጄ ጉልበቱን ሳመ። በልቶ ሲያበቃ እጁን አሻሸና ቼዙ የት አለ፣ አንድ ዙር እንጫወት እንጂ አለ።

«ጠላው ይጨመርልዎት» አልኩት። «ቼዝ ግን ከእርስዎ ጋር አልጫወትም።»

ባለቤቴ ጆጉን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች። ተቀይመሃል እንዴ አበልጄ አለኝ። ጆጉን ከእሷ ተቀብዬ ጨመርኩለት። ብርጭቆውን እስኪጨርስ አብሬው ተቀመጥኩ፤ ሲነሣም እስከ በር ሸኘሁት።