ከጣቴ በኋላ የሚመጣው ፊደል

ላሊበላ ውስጥ በምሠራበት የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ብዙ ማውራት አይጠበቅብኝም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ባቆምም ቶሎ ቶሎ እጽፋለሁ፤ የሱቋ ባለቤት እትዬ የቀጠረችኝም ለዚሁ ነው። ሰው የሚፈልገውን ይነግረኛል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ።

የድሮው ኮምፒውተር መብራት ሲሄድ ሲመጣ ተቃጥሎ ነበር። እትዬ ግን የሰው ዓይን ነው አለች። አዲሱ ሲገዛ ኪቦርዱም ማውሱም ገመድ የሌላቸው ሆኑ። ጊዜው ክረምት ነው፤ ጉሙ እስከ ሱቁ ደፍ ስለሚወርድ በቀንም አምፖል እናበራለን።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊደሉ ይዘገይ ነበር። ስጽፍ ስክሪኑ ባዶ ነው፤ እጄን ሳነሳ ቃሉ ብቻውን መውጣት ይጀምራል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስትም ማውሱን ካቆምኩት በኋላ ትንሽ ትሄድና ትቆማለች፣ የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ መልስ አንዲት እናት ከብልባላ መጡ። የልጃቸው ሙት ዓመት ደርሶ ከፎቶው ሥር የሚገባ ጽሑፍ ፈልገው ነው። ልጃቸው ቆቦ መንገድ ላይ ሞተ ተብሎ ተነገራቸው እንጂ አስከሬኑን አላዩም፣ አልቀበሩትም። ስሙን ጽፌ እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ። ስሙ ያኔ አንድ አንድ ፊደል እያለ መውጣት ጀመረ። እሳቸው ስክሪኑን ትተው እጄን አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽ እኮ ተቀምጧል። ታዲያ ማነው የሚጥፍ?»

ሳልመልስ የስሙ መጨረሻ ፊደል ም ደግማ ወጣች። ከዚያ ሌላ ም፣ ሌላም፤ ሳልነካው መስመሩ ሞላ። ማንበብ ስለማይችሉ ምን ይላል አሉኝ። ከንፈሬን ገጥሜ «ምምምም» ብዬ አነበብኩላቸው። የራሴ ድምፅ አስፈራኝ።

«ሲያርስ እንዲህ ነበር የሚያንጎራጉር» አሉ ቀስ ብለው። «አፉን ዘግቶ።»

ጽሑፉን ሳያስጨርሱ ሄዱ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው እየመጡ አንዳች ነገር ያስጨምሩና እጄ እስኪያርፍ ይጠብቃሉ። እኔም ፈራሁ። ሱቁን ስንዘጋ ስክሪኑን በጨርቅ መሸፈን ጀመርኩ።

እትዬ ደንበኛ ሸሸ ብላ ወልድያ ላለ ጠጋኝ ደወለች። ባትሪ ቀይሩ አለ፤ ቀየርን። ስልካችሁን ከአጠገቡ አርቁ አለ፤ አራቅን። አጥፍተን አበራነው፤ ያው ነው። በመጨረሻ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ጀርባ የተሰካችውን፣ የኪቦርዱን ምልክት የምትቀበለውን፣ ጥፍር የምታህል መቀበያ ነቅዬ ከፊት እንድሰካት ነገረኝ። ሳጥኑ ከባንኮኒው ሥር ግድግዳ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው። እጄን ወደ ጨለማው ሰደድኩ፤ ቀዝቃዛ ነገር ነካኝ። ስጎትተው ያረጀ ማረሻ ነው፤ ብረቱ መቀበያዋን ተጭኖ ተጋድሟል።

እትዬ አቀረቀረች። አራስ ቤት ብረት እንደሚቀመጠው፣ ዓይን እንዳይነካው ያስቀመጠችው እሷ ናት። ጠጋኙ በስልክ ሳቀ።

«ዓይኑን ስትከለክሉ ኪቦርዱንም ከለከላችሁት።»

ብረቱ ወጥቶ መቀበያዋ ከፊት ስትሰካ ፊደሉ ከጣቴ ጋር እኩል ወጣ።

ቅዳሜ እናትየው መጡ። የልጃቸውን ስም ጻፍኩ፤ ወዲያው ታየ። እጄ አረፈ፣ ምንም አልተከተለም። ጉሙ በር ላይ ቆሟል። ብዙ ጠበቁ።

«ሄደ?» አሉኝ።

ማረሻው እግሬ ሥር ነበር። ሳያዩኝ በእግሬ ወደ መቀበያዋ ገፋ ባደርገው ልጃቸው ይመለስላቸዋል። ግን አነሳሁትና አሳየኋቸው።

«የሚያዘገየው ይሄ ብረት ነው፣ እማማ። ይዩት።»

አስጠጋሁት፣ ጻፍኩ፣ እጄን አነሳሁ። ስሙ እየዘገየ መጣ፤ ከኋላው ያ ም እየተደጋገመ ተከተለው። ብረቱን ሳርቀው ጸጥ አለ። ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ማረሻውን ተቀብለው በመዳፋቸው አሹት።

«እንግዲያው ልጄን የያዘው ይሄ ነው» አሉ። «እኔም እንዳይሄድ ይዤው ነበር። በቃ፣ አትሚው።»

አተምኩት። ማረሻውን እትዬን ለምነው በነጠላቸው ጠቀለሉትና እንደ ሕፃን አቅፈው ወጡ። ምን ሊያደርጉት እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ። ጉሙ ውስጥ ከገቡ በኋላ አፍ ተዘግቶ የሚወጣ ዜማ ሰማሁ። የእሳቸው ይመስለኛል፤ ጀርባቸው ግን አይታየኝም ነበር።