የኤደልሚራ ቢላ የወደቀ ዕለት

ሃቫና ውስጥ በአንድ የሲጋር ፋብሪካ አንባቢ ነኝ። ስሜ ኤልፒዲዮ ይባላል። መቶ ሰማንያ ሰው ትምባሆ ሲጠቀልል እኔ ከፊት ባለችው መድረክ ላይ ተቀምጬ ጠዋት ጋዜጣ፣ ከሰዓት በኋላ ልብ ወለድ አነብላቸዋለሁ። ያነበብኩት ከጣማቸው እጀታ በሌለው ቢላቸው ጠረጴዛውን ታክ ታክ ታክ ያደርጉታል። ካስጠላቸው ደግሞ ቢላውን ወለሉ ላይ ይጥሉታል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተጥሎብኛል፤ አራቱንም ቀን ምሳ አልበላሁም።

ኤደልሚራ የምትሠራው ከፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ጣቶቿን ቁርጥማት ቢያጣምማቸውም በቀን መቶ ሲጋር ትጠቀልላለች። በዚህ ዓለም ላይ የምትሰግድለት ነገር ቢኖር ባሌት ነው፤ እሱም አንድ ባሌት፣ «የመብራት ጠባቂው ልጅ» የሚባለው። ባሏን የቀበረችው ቅዳሜ ነው። እሁድ ቲያትር ስላለባት የቀብሩን ቀን ራሷ ለምና ቅዳሜ አስደረገች ብለው ያሟታል። ጠይቄያት አልካደችም።

«ሰውዬው ቢነሳ እሱም 'ሂጂ' ነበር የሚለኝ» አለችኝ።

የባሌቱ ታሪክ ቀላል ነው። የባሕር መብራት ጠባቂው ልጅ ወዳጇ በመርከብ ሄዶ ቀርቷል። መንደሩ በሙሉ መርከቡ ሰጥሟል፣ መብራቱን አጥፊው ይላታል። እሷ አላጠፋም ትላለች። በሦስተኛው ክፍል ፋኖሱን ከፍ አድርጋ፣ በአንድ እግሯ የጣት ጫፍ ላይ ቆማ፣ ከባሕሩ ወዲያ ብርሃን እስኪታይ ትጠብቃለች። ሙዚቃው ጸጥ ይላል፤ አንድ ቫዮሊን ብቻ ቀጭን ድምፅ ይዞ ይቆያል። ያኔ ከላይ ሰገነት ያለነው ሰዎች ጮክ ብለን እንቆጥራለን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ለዳንሰኛ የምንሰጠው ክብር ይኸው ነው፤ አያቶቻችንም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል።

ያቺን ልጅ ሆና የምትጨፍረው ኔሬይዳ ነበረች። አባቷ አንሴልሞ ዛሬ ኤደልሚራ በምትሠራበት ጠረጴዛ ላይ አርባ ዓመት ትምባሆ ጠቅልሏል፤ ልጅቷም ያደገችው ከዚያው ጠረጴዛ ሥር ነው። የባሌቱ አለቆች ለዓመታት ቁመትሽ በዛ፣ ጥቁረትሽ ለመድረክ መብራት አይመችም እያሉ የመንደሯን ዓሣ ሻጭ ሚና ብቻ ሰጧት። ኤደልሚራ በየወሩ ደብዳቤ አስጽፋኛለች፤ ከሰገነት ሆና ጮኻባቸዋለች። ኔሬይዳ ዋናውን ሚና በሠላሳ አራት ዓመቷ አገኘች። የባሌት ጫማ ከተሠራበት ሮዝ ሆኖ ስለሚመጣ፣ በቡና እየነከረች የገዛ ቆዳዋን ቀለም ታስይዘው ነበር።

ዘንድሮ አዲስ የቲያትር ቤት ሥራ አስኪያጅ መጣ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ መጮህም መቁጠርም ክልክል ነው አለ። የጩኸቱ ሁሉ እናት ማን እንደሆነች ነግረውት ነበርና ኤደልሚራን አስጠራት።

«እመቤቴ፣ ይህ ቲያትር እንጂ የቤዝቦል ሜዳ አይደለም። አፌን አልከፍትም ብለው ይፈርሙ። ከከፈቱ ስምዎ በሩ ላይ ይጻፋል፤ ዕድሜ ልክዎን አይገቡም።»

ፈረመች። አማራጭ አልነበራትም። የመጪው እሁድ ትርኢት የኔሬይዳ የመጨረሻው ነበር፤ ልጅቷ አርባ አንድ ዓመት ሞልቷት ሚናው ለሌላ ሊሰጥ ነው።

«አንቺ? አፍሽን ዘግተሽ?» አልኳት።

«አፍሽን ነው ያለኝ። ስለ እጄ አንድ ቃል አልጻፈም» አለችና ቢላዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እሁድ ከፋብሪካው ሃያ ሰዎች ሆነን ሰገነቱ ላይ ተሰለፍን። ከፊታችን የብረት መደገፊያ አለ። የኤደልሚራ ሐሳብ ኔሬይዳ በጣቷ ጫፍ ስትቆም ብረቱን በቢላው መምታት ነበር፤ አንድ ሲጋር ጠቅላይ ለሌላው ሲጋር ጠቅላይ ልጅ የሚሰጠው ጭብጨባ።

ሦስተኛው ክፍል ደረሰ። ኔሬይዳ ፋኖሱን አነሳች፤ በአንድ እግሯ ቆመች። ቫዮሊኑ ብቻ ቀረ። ኤደልሚራ ቢላዋን አወጣች። እነዚያ የተጣመሙ ጣቶች ግን ከደስታዋ ብዛት መንቀጥቀጥ ጀምረው ስለነበር ቢላው አመለጣትና በእብነ በረዱ ደረጃ ላይ ሦስት ጊዜ እየነጠረ ወደቀ።

ከፋብሪካችን የመጣነው ሃያዎቹ ክው አልን። የቀረው ተመልካች የወደቀ ማንኪያ መስሎት ይሆናል። ኔሬይዳ ግን የአንሴልሞ ልጅ ናት፤ ቢላ ወለል ሲነካ ምን ማለት እንደሆነ ከእናቷ ጡት ጋር ነው ያወቀችው። ፋኖሱ እጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አየሁ። በመጨረሻዋ ቀን፣ ከገዛ ወገኖቿ መካከል አንዱ ተፋባት ማለት ነው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ኤደልሚራ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«አንድ!» አለች።

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያች አጭር ሴት ይወጣል ብሎ የሚገምት የለም። «ሁለት!» ስትል አስተናጋጁ ክንዷን ያዛት። «ሦስት!» ስትል እኛም ተከተልን፤ ከዚያ ሰገነቱ በሙሉ፤ ከዚያ ከታች የከረባት ለባሾቹ ወንበር ሳይቀር። ፋኖሱ ረጋ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ብርሃኑ ከባሕሩ ወዲያ ታየ። ኤደልሚራ ግን ያኔ በሩ ላይ ደርሳለች፤ ሁለት ሰዎች ይዘዋታል፤ አንገቷን መልሳ ወደ መድረኩ ትጮሃለች።

«ከእጄ አምልጦኝ ነው፣ ልጄ! ከእጄ ነው!»

በነጋታው ስሟ በሩ ላይ ተለጠፈ። ቢላዋንም ወሰዱባት። ሥራ አስኪያጁ ግን በጽሑፍ ይቅርታ ከጠየቀች እምራታለሁ ብሎ ላከ። እስክሪብቶ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጻፍ» አለችኝ። «ስለ ወደቀው ቢላ ኔሬይዳን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ጮህኩት ማንንም አልጠይቅም።»

«ሁለተኛዋን እንተዋት በናትሽ። በሩ ይከፈትልሻል።»

«ኤልፒዲዮ፣ አሥራ አምስት ዓመት የጮህኩት አፌን ዘግቼ ለመግባት ነው? ጻፍ አልኩህ እኮ!»

ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት ከመድረኬ ላይ አነበብኩት፤ መቶ ሰባ ዘጠኝ ቢላ ጠረጴዛውን ሲመታ አቧራው ከጣሪያው ረገፈ። ሥራ አስኪያጁ አልመለሰም።

ሐሙስ ለኤደልሚራ አንድ ጥቅል መጣላት። ውስጡ በቡና የተነከረ፣ አፍንጫው ያለቀ የባሌት ጫማ አለ። ወረቀቱን እኔ አነበብኩላት፤ መነጽሯን ረስታ ነበር።

«የጣሉትና ያመለጠ ቢላ ድምፃቸው አንድ አይደለም፤ ከጠረጴዛ ሥር ነው ያደግኩት። መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነጥር አወቅሁት። ስለ ቁጥሩ ግን እግዜር ይስጥሽ። ኔሬይዳ።»

ኤደልሚራ ጫማውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። እኔም አዘንኩላት። ባትጮህም ልጅቷ አውቃለች፤ ወንበሯን ያጣችው እንዲያው በከንቱ ነው ማለት ነው።

«ቆጨሽ?» አልኳት።

«ቆጭቶኛል እንጂ። አሥራ ዘጠኝ ላይ መብራቱን ያበራው ሰውዬ ችኩል ነው። ልጅቷ እስከ ሃያ ትቆም ነበር።»

ወደ መድረኬ ተመልሼ ጋዜጣዬን ዘረጋሁ። «የመብራት ጠባቂው ልጅ» እሁድ በአዲስ ዳንሰኛ እንደሚታይ ያትታል። አንብቤ ስጨርስ ሁሉም ኤደልሚራን አየ። ጫማውን አንስታ በደረቀው አፍንጫው ጠረጴዛዋን ሦስት ጊዜ መታች። ታክ፣ ታክ፣ ታክ።

«አዲሷም ልጅ ናት፣ ቆጣሪ ያስፈልጋታል» አለች። «እሁድ ወረፋ ስትይዝ ከኋላህ እኔ እንዳለሁ ተናገር።»

«በሩ ላይ ስምሽ አለ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለችና አዲስ ቅጠል ዘረጋች። «ፊደሉን አስተካክለው ጽፈውት እንደሆነ ቀርቤ አያለሁ።»