የማዳም ባሕር

ሐኪም ጨው ከከለከለኝ ወዲህ እህል አፌ ውስጥ ጣዕም የለውም። ልጄ አልጫውን አቅርባ፣ "ትንሽ ጉረሺ እንጂ፣ እማዬ" ትለኛለች። እጎርሳለሁ። ተመስገን፣ የሚያጎርስ እጅ አላጣሁም። ምላሴ ግን ደክሟታል፤ የድሮውን ትፈልጋለች። ከሁሉም አስቀድማ የምታስታውሰኝ የማዳምን ባሕር ነው።

በጃንሆይ ዘመን ጎንደር ውስጥ ከአንድ የውጭ አገር ሐኪም መኖሪያ ቤት እሠራ ነበር። ይህችው ልጄ ገና ጡት አልጣለችም፤ አባቷ ለሥራ ሁመራ ስለወረደ አዝያት እውላለሁ። የሐኪሙን ሚስት ማዳም እንላት ነበር። ሳሎኗ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ትልቅ የመስተዋት ሣጥን ነበራት። በውስጡ ከምጽዋ በበርሜል የመጣ የባሕር ውሃ፣ ብርቱካን የመሰሉ ሁለት ትንንሽ ዓሦች፣ ድንጋይ ላይ የተጣበቀች አበባ የምትመስል ፍጥረት ነበሩ። አንዲት ሞተር ቀኑን ሙሉ አየር ታንቆረቁርበታለች። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ሽታውን ያወቅሁት ከዚያ ክፍል ነው።

ዓሦቹን የያዛቸው የማዳም ልጅ ነበር። ምጽዋ ላይ እስከ ወገቡ ገብቶ፣ በራሱ ትንሽ ባልዲ። ብዙ ሳይቆይ ንዳድ ገደለው። ይህን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ ውሃው እንጂ ስለ ልጁ አታወራም።

ውሃው ሥራ ነበረው። በየቀኑ ይተናል፤ ጨዉ ግን አብሮ አይተንም። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው በዝናብ ውሃ ነው፤ ያውም ቆርቆሮው ታጥቦ የመጀመሪያው ከተደፋ በኋላ። እንዳይኮመጥጥም ከሥሩ የተቀጠቀጠ ዛጎል ተነጥፎለታል። የጨዉን ልክ የምታሳይ፣ ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ የብርጭቆ መለኪያ ነበረች፤ ማዳም ስታጥባት ተሰበረች። ክረምት ሆኖ የሊማሊሞ መንገድ ተቆርጧል፤ ሌላ አይመጣም። እኔ ልኩን በምላሴ ያዝሁት። ጠዋት ጠዋት በጣቴ ጫፍ እቀምሳለሁ።

አያ ዘበኛው ይስቅብኝ ነበር። "እኛ ዓሣን ጨው የምናቀምሰው ከሞተ በኋላ ነው። አንቺ በቁሙ ታጣፍጪዋለሽ!"

ፍልሰታ ሲገባ መቅመሱን ከቅዳሴ በኋላ አደረግሁት። ልጄ ታማ በነበረ ጊዜ፣ ከዳነች በፍልሰታ አብረን እንድንቆርብ ተስዬ ነበር። ቀኑንም ከንስሐ አባቴ ጋር ቆርጠናል።

በዚያው ቀን ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ሳሎን ብገባ ጣራው ያፈስሳል። ዝናቡ ሣጥኑ ውስጥ ሲንጠባጠብ አድሮ ውሃው በአፉ ሞልቶ ይፈስሳል። አበባዋ እንደ ጡጫ ተጨብጣለች። ዓሦቹ ከሥር በጎናቸው ተኝተው ጉንጫቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ማዳም የምጽዋውን የጨው ከረጢት አቅፋ ቆማለች። ካነሰም ከበዛም ይሞታሉ፤ ልኩን አታውቀውም።

ነጠላዬን አየች። ቅመሺ አላለችኝም።

"ሂድ" አለችኝ። "አንተ ቤተ ክርስቲያን ሂድ።" ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነበር የምትለው።

ልጄን ለአያ ዘበኛው ሰጠሁና ጣቴን ነከርሁ። ጨዉ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። ውሃውን ቀነስን፤ ጨው በገበቴ አሟሟን፤ በድንገት እንዳይጎዳቸው በጣሳ፣ ቀስ እያልን ጨመርን። በየጣሳው እቀምሳለሁ።

አያ ዘበኛው ልጄን እያባበለ፣ "እንግዲህ ቁርባኑ ዛሬ ቀርቶብሻል፤ ደህና አድርገሽ ቅመሺ" አለኝ። በዚያን ጊዜ አልሳቀም።

ቅዳሴው ሲደርስ ልጄን ጎረቤቴ ይዛ አቆረበቻት። እኔ ከደጅ ቆሜ አየኋት።

"ምነው ልጄ፣ ቀረሽ?" አሉኝ የንስሐ አባቴ።

"ቀምሼ ነው፣ አባ።"

"ምን?"

"የባሕር ውሃ።"

"ጎንደር ላይ?" ብለው ፈገግ አሉ። ነገሩን ስነግራቸው ግን መስቀላቸውን አሳለሙኝ። "ሌላ ቀን ትደርሻለሽ" አሉኝ። በረከታቸው ይድረሰኝ።

ስመለስ ማዳም ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። አንዱ ዓሣ ሞቷል። ሌላው ቀና ብሎ አበባዋን ይዞራል፤ እሷም መፈታት ጀምራለች። ምሳው ጠረጴዛው ላይ እንደተከደነ ነው።

"ከጠዋት ጀምራ ውሃም አልቀመሰች" አለኝ አያ ዘበኛው በጆሮዬ።

ማዳም ቀና ብላ አየችኝ። "አንተ ቀመስክ" አለችኝ። "እኔ አልቀመስኩም።"

አብረን በላን። ያን ቀን የልጇን ስም ነገረችኝ። ደግሜ ስጠራው ተበላሸብኝ፤ እሷም እያለቀሰች ሳቀች፤ አላረመችኝም። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሣዋለሁ፤ እንዳበላሸሁት።