ከሳተላይት የሸሸግነው ገበና

በማሳው ዳር አምስት ሰዎች ነበርን። ለሰብል ዋስትና የሚሰጠው ድርጅት ወጣት ሠራተኛ ስልኩን ይዞ ከመኪናው በር አጠገብ ቆሟል። ባለመሬቱ ሱዳናዊ ሽማግሌ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። የወንድሜ ሚስት ከአልጋው ኋላ የዳሱን ቋሚ ተደግፋለች። ወንድሜ ፀሐይ ላይ፣ ሙጃው እስከ ጉልበቱ በደረሰበት ቦታ ነው። እኔ በወጣቱና በወንድሜ መካከል ነበርኩ። ወንድሜ የገበያ ዐረብኛ አያንሰውም፤ የወረቀትና የመለኪያ ነገር ሲመጣ ግን ሁለተኛ ደረጃ ስለጨረስኩ እኔን ከገዳሪፍ ያስጠራኛል።

ማሳው ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ፣ ከሾዋክ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። መሬቱ የሽማግሌው፣ ድካሙ የወንድሜ ነበር፤ ምርቱን ይካፈላሉ። በመተማ በኩል የነበረው ቤቱ በውጊያ ከተቃጠለ ወዲህ ወንድሜ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር የሚያድርበት ሌላ ቦታ የለውም። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን የሱዳኑ ጦርነት ከመጣ ጀምሮ ከካርቱም የተፈናቀለ ሁሉ መሬት ይጠይቃቸዋል፤ ስለዚህ ቃላቸው አንድ ነው፤ ለከርሞ ዘር ያለው ያርሳል።

ወጣቱ በሰኔ መጨረሻ፣ ሰሊጡ በተዘራ ሰሞን መጥቶ ስልኩን ይዞ የማሳውን አራት ማዕዘን ዞሮ ነበር። ያኔ በትዕግሥት አስረዳን። መጀመሪያ ሌሎች ፕላኔቶችን ለማየት የተሠራ የካሜራ ዓይነት አለ፤ አሁን ሳተላይት ላይ ሆኖ ወደ ታች እንዲያይ ተደርጎ ለእርሻ፣ ለማዕድን፣ ለመንገድ ሥራ ይውላል። የእኛን ማሳ ምን ያህል አረንጓዴ እንደሆነ ይለካል። በጳጉሜን ይታያል፤ ደርቆ ከተገኘ ድርጅቱ ለከርሞ የሚሆን ዘርና የትራክተር ነዳጅ ይሰጣል። አረንጓዴ ከታየ አይሰጥም። ሰው መጥቶ አይቆጥርም። ይህን ሁሉ ለወንድሜ ተርጉሜለታለሁ። አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ቆመ። ሰሊጡ አበባ ሳያወጣ ደረቀ። በነሐሴ አጋማሽ ዝናቡ ተመለሰ፤ የሞተው ግን አልተነሣም። የበቀለው ሙጃ ነበር። ወንድሜ ለጎረቤት የመጣ ትራክተር አግኝቶ ከላይ ሲታይ ባዶ እንዲሆን ሙጃውን ገልብጦ ጥቁሩን አፈር ሊያወጣው አሰበ።

ያን ዕለት እዚያው ነበርኩ። ተው ያልኩት እኔ ነኝ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ጎታው ባዶ ቢሆን ክዳኑ አይከፈትም። እናቴ እህል ባጣንበት ዓመት እንኳ ጎረቤት እንዳያውቅብን ማታ ማታ ባዶ ምድጃ ላይ እሳት ታነድ ነበር፤ ጢሱ እንዲታይ። «ገበናችንን ሰማይ ድረስ አንዘርጋ» አልኩት። ማሳው ለብሶ ይታይ፣ ከታየ በኋላ ትገለብጠዋለህ። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ እሺ አለኝ። ከላይ የሚያየው ካሜራ እንግዳ ሰው እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አውቄም ተው አልኩት።

መስከረም መጀመሪያ ላይ ወጣቱ መልሱን ይዞ መጣ። ስልኩን ወደ እኛ አዞረው። ማሳችን አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ሆና፣ አረንጓዴ፣ ጎረቤቶች ሙጃቸውን በገለበጡባቸው ቡናማ ማሳዎች መካከል ትታያለች። ለቡናማዎቹ ዘር ተፈቅዷል። የእኛ በአካባቢው ከሁሉ የለማ ማሳ ነው ይላል።

የወንድሜ ሚስት ሣር ነው በይው አለችኝ። ነገርኩት። ወጣቱ እግሩ ሥር ያለውን ሙጃ አየ። ሣር መሆኑን እሱም ያያል፤ ከላይ ግን የሚለካው ቀለሙ ብቻ ነው አለ።

ሽማግሌው ሳቁ። «ፍየል ብትልኩ ይሻላችሁ ነበር። ፍየል እንኳ ሰሊጥና ሣር ትለያለች።»

ይህንንም ተረጎምኩ። «ፍየሏማ ብትመጣ እሷ እንኳ ትጠግብ ነበር» አለች የወንድሜ ሚስት፣ ለማንም ሳይሆን።

ወጣቱ እንደ አክስት ኻልቲ እያለ ነው የሚጠራኝ። «ኻልቲ፣ ነግሬያችሁ ነበር እኮ» አለ። «ለምን አልገለበጠውም?»

ጥያቄውን ለወንድሜ አደረስኩ። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ትራክተር አጣ በይው፣ እታለም» አለኝ።

ሚስቱ እኔን ታየኝ ነበር። ወደ ወጣቱ ዞሬ በዐረብኛ፣ «ትራክተር ነበር። እኔ ነኝ ያስቆምኩት» አልኩት።

ወጣቱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቅጹ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የለውም አለ። ቅሬታ ብናቀርብስ ብዬ ጠየቅኩት። ማቅረብ ይቻላል፤ የሚመልስላችሁ ግን ያው ሥዕል ነው አለኝ።

ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው ተነሡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መሬቱን የሚረከብ ዘር ያለው ሰው እንደሚመጣ ለወንድሜ ራሳቸው፣ ዝግ ብለው ነገሩት። ያንን መተርጎም አላስፈለገም። ወንድሜ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ሚስቱ በዳሱ የተንጠለጠለውን ዕቃ ማውረድ ጀመረች። ልርዳሽ አልኳት።

«ተይው እትዬ፣ ብዙም አይደል» አለች።

ነጠላዬን አስተካክዬ ሚኒባስ ወደሚያልፍበት መንገድ ወጣሁ።