ቀድመው የሞቱት ቀንድ አውጣዎቹ ነበሩ

ደባርቅ ላይ የባሕር ዓሣ በቤቱ የሚያኖር ሰው አባቴ ብቻ ነበር። ለጉራ አይደለም የምለው፤ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ ወዶ የሚገባ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። በዚያ ብርድ፣ መብራት ሲሻው በሚመጣበት ሲሻው በሚሄድበት ከተማ፣ ባሕሩ የትና የት ሆኖ ሳለ፣ አምስት ዓሦችና ሁለት ቀንድ አውጣዎች ሳሎናችን ውስጥ በጨው ውኃ ይኖሩ ነበር።

አባቴ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ መርከበኛ ነበር። መርከቡም ባሕሩም ሲቀሩ ወደ አገሩ ተመልሶ እናቴን አገባ፣ ወፍጮ ቤት ከፈተ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዱቄት ለብሶ ወደ ቤት ገባ። ስለ ባሕር ብዙ አያወራም። ብቻ ክረምት ሊወጣ ሲል ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ይሄድና ቆላውን የሞላውን ጉም ቆሞ ሲያይ ይቆያል። «ምን እያየህ ነው?» ስንለው «ውኃ» ይለን ነበር።

ታናሽ ወንድሜ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና መንዳት ሲጀምር አባቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ጀሪካን የባሕር ውኃ። ወንድሜ ቀልድ መስሎት እየሳቀ አመጣለት። አባቴ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው፣ ጣቱን ነክሮ ቀመሰው፣ ከዚያ ጓዳ ገብቶ ቆየ። ስገባ ጀርባውን ሰጥቶኝ ያለቅስ ነበር። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በየተራ መጣ፤ የመስተዋት ገንዳው ከአዲስ አበባ፣ ማሞቂያው፣ አየር መንፊያው፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካ አሮጌ የመኪና ባትሪ፣ በመጨረሻም ዓሦቹ። ሦስቱ ሰማያዊ ናቸው፣ ሁለቱ ነጭ መቀነት የታጠቁ ብርቱካናማ። ቀንድ አውጣዎቹ መስተዋቱ ላይ እየተሳቡ የሚያጸዱ ናቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ልጆቹን ይዞ መጥቶ አየ። አንድ ሽማግሌ ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ለመሆኑ ለጾም ይሆናሉ?» ብለው ጠይቀው ወጡ።

እናቴ ገንዳውን «ጣውንቴ» ትለው ነበር። ጠዋት ስትነሣ «ጣውንቴ እንዴት አደረች?» ትላለች፣ አባቴም ይስቃል። እሷ ባሕር አይታ አታውቅም። ዳባት ተወልዳ፣ ደባርቅ ተድራ፣ ቢበዛ ጎንደር ደርሳ የተመለሰች ሴት ናት። በቀልዱ ውስጥ ግን ትንሽ እውነት እንዳለ አውቅ ነበር። አባቴ ለእሷ የማያወራውን ለዓሦቹ ያወራል። ያውም ጎንበስ ብሎ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ባለፈው ዓመት መስከረም ሲጠባ አባቴ ጋደም ብሎ መተኛት አቃተው። እግሩ አበጠ፣ ከሳሎን እስከ በር ሲሄድ ትንፋሹ ያጥረዋል። ልብ ነው ተባለና ጎንደር ሆስፒታል ገባ። ወንድሜ መኪናውን አቁሞ አስታማሚ ሆነ። አባቴ ሊሄድ ሲል ዓሦቹን አደራ ያለው ለእናቴ እንጂ ለእኔ፣ ለኬሚስትሪ መምህርቷ፣ አልነበረም። «እስክመለስ ጣውንትሽን አደራ» አላት። እናቴ ሳቀች። መኪናው ሲነሣ ግን ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ ቆመች፣ ከዓይኗ እስኪጠፋም አልተንቀሳቀሰችም።

እኔ የማስተምረው ዳባት ነው። በዚያ ሰሞን ትምህርት ሲያልቅ ሚኒባስ ተሳፍሬ ደባርቅ እመጣ ነበር። እናቴ የተነገራትን አንድም ሳታጓድል ትሠራለች። ምግባቸውን በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ትበትናለች፣ ውኃው ሲጎድል አባቴ ካስቀመጠላት ጀሪካን በጣሳ ትጨምራለች፣ የቀረውን ጊዜ በርጩማዋን ገንዳው ፊት አኑራ ትቀመጣለች። «ዛሬ ትልቁ ሰማያዊ ደኅና በላ። አባትሽም ሾርባ ቀመሰ ብሎኛል ወንድምሽ» ትለኛለች። የሁለቱን ወሬ ነጥላ ነግራኝ አታውቅም። እነሱ ከበሉ እሱ ይበላል፣ እነሱ ከዋኙ እሱ ይተነፍሳል ብላ በልቧ ይዛው እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንድ ቀን ጎንበስ ስትል አንገቷን አየሁት። የማተቧ ክር አለ፣ መስቀሉ ግን የለም። ከክርስትናዋ ጀምሮ ከአንገቷ ወርዶ የማያውቅ መስቀል ነው።

«መስቀልሽስ?»

«ቀለበቱ ላልቶብኝ አስቀመጥኩት» አለችና ነጠላዋን ሳብ አደረገች።

የማርመው የፈተና ወረቀት ነበረብኝ። ሌላ አልጠየቅኋትም።

ሐሙስ ዕለት ስመጣ ሁለቱም ቀንድ አውጣዎች ከመስተዋቱ ላይ ወድቀው አሸዋው ላይ ተገልብጠው ነበር። «ተኝተው ነው» አለች እናቴ። ቀንድ አውጣ እንዴት እንደሚተኛ እኔም ስለማላውቅ «ይሆናል» አልኳት። አርብ ትምህርት ቤት ስብሰባ ቆይቶብኝ አልመጣሁም። ቅዳሜ ጠዋት ስገባ አምስቱም ዓሦች ሞተዋል። ውኃው ደፍርሶ ክፉ ክፉ ይሸታል። ብርቱካናማዎቹ ተንሳፍፈዋል፣ ሰማያዊዎቹ ከድንጋዩ ሥር ጎናቸውን ሰጥተው ወድቀዋል። ቀለማቸው ከትናንት ወዲያ የነበረው አልነበረም።

እናቴ በርጩማዋ ላይ ነበረች። አላለቀሰችም። «ለወንድምሽ ደውዪ» አለችኝ።

«ስለ ዓሦቹ ልንገረው?»

«አይ። አባትሽ መተንፈሱን ጠይቂልኝ።»

ደወልኩ። ወንድሜ «አባባ ደኅና አድሮ አሁን ተኝቷል» አለኝ። ነገርኳት፤ አላመነችም። ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቃ እንደገና አስደወለችኝ። ያኔ አባቴን ቀሰቀሱትና ድምፁን ሰማች። ስለ ዓሦቹ ሲጠይቃት «አሉ፣ አሉልህ» አለችው። ለአባቴ ዋሽታ የማታውቅ ሴት ናት፤ ስልኩን ፊቴን ሳታይ መለሰችልኝ።

እኔ ስደነግጥ ቁጡ ነኝ። ያለቦታው የሚወጣ ቁጣ ነው፣ አውቀዋለሁ። ጥፋተኛ ፍለጋ ጀመርኩ፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከእናቴ በቀር ሰው አልነበረም።

«መብራት ጠፍቶ ባትሪውን ሳትቀጥዪው ቀርተሻል?»

«ቀጥያለሁ ልጄ።»

«የቁንጫ መድኃኒት ረጭተሻል?»

«እሱ ከሄደ ቤት ውስጥ ምንም አልረጨሁም።»

«በሳሙና እጅሽ ነካሽው? እንጀራ ፈትፍተሽ ሰጠሻቸው?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ። እሱ እንዳሳየኝ ነው የማደርገው።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና «እንግዲያው ራሳቸውን አንቀው ነው የሞቱት» ብዬ ጮኽኩባት። ተነሥታ የአባቴን ጋቢ አመጣችና ገንዳውን ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው። ያን ቃል ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

እሑድ እናቴ ቅዳሴ ስትሄድ ጋቢውን ገልጬ ሁሉንም አንድ በአንድ አየሁ። ማሞቂያው ይሠራል፣ ሙቀቱ ያው አባቴ ያስተካከለው ነው። አየር መንፊያው ለማንም ባይሆንም አረፋውን ይተፋል። ከምግቡ የጎደለው ትንሽ ነው፣ አላበዛችም። ሲጨንቀኝ ገንዳውን ለሸጠልን የአዲስ አበባ ሰው ደወልኩ። እሱም ቅዳሴ ላይ ኖሮ ቆይቶ መልሶ ደወለልኝ።

ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ «እህቴ፣ ቀድሞ የሞተው የትኛው ነው?» አለኝ።

«ቀንድ አውጣዎቹ።»

«በስንት ቀን?»

«በሁለት ቀን።»

«እንግዲህ መዳብ ነው። ገንዳው ውስጥ መዳብ ገብቷል። በጨው ውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ ቀንድ አውጣ ደግሞ ትንሿንም አይችላትም። እነሱ ሞተው ሲበሰብሱ በዚያች ጠባብ ውኃ ውስጥ ዓሦቹን ጨረሷቸው። ሽቦ፣ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የሆነ ነገር ወድቋል። ፈልጊው።»

እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን ከተትኩ። ከድንጋዩ ኋላ፣ ከፊት ሆኖ የሚያይ ሰው በማያየው ቦታ፣ ጣቴን አንድ ነገር ወጋኝ። የእናቴ መስቀል ነበር። አልወደቀም። አሸዋው ውስጥ ቀጥ ተደርጎ ተተክሏል፣ ፊቱ ወደ ዓሦቹ። ዳር ዳሩን አረንጓዴ ዝገት ይዞታል።

እንግዲህ እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። መዳብና ጨው ውኃ ሲገናኙ የሚሆነውን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። እናቴ ደግሞ ያላት ጠባቂ አንድ ነበር፤ እሱን ከአንገቷ ፈትታ ለጣውንቷ ሰጠች። በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ብነግራት አደራ በላሁ ብቻ አትልም፤ በገዛ መስቀሌ ባሌን ገደልኩት ብላ ነው የምታስበው። ባልነግራት ደግሞ ወቀሳዬ እላይዋ ላይ ይቀራል። ሆድ ይፍጀው ብዬ መስቀሉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ የሞቱትን ጓሮ ቀብሬ ጋቢውን እንደነበረ መለስኩ። እናቴ ከዚያ በኋላ ወደ ገንዳው አልቀረበችም። አንገቷን ግን ሸፍና ነበር የምትውለው።

አባቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ጉንጩ ገብቷል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ገና እንደተቀመጠ የተሸፈነውን ገንዳ አየው። እናቴ እግሩ ሥር ሄዳ «አደራህን በላሁ» አለችው። «ተነሺ አንቺ ሴት፣ ተነሺ» ብሎ ክንዷን ያዘና ውኃ እንድታመጣለት ላካት።

ከጓዳ ሳትመለስ ወደ እኔ ዞሮ በዝግታ «ቀድሞ የሞተው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቀንድ አውጣዎቹ።»

ትንሽ ልጅ ሳለሁ የነገረኝ ያኔ ትዝ አለኝ። ምጽዋ መርከብ ከውኃ ሲወጣ ሆዱን መዳብ ያለበት ቀለም ይቀቡት ነበር፤ ዛጎልና ቀንድ አውጣ እንዳይለጠፍበት፣ የተለጠፈውም እንዲሞት። አባቴ ያን ቀለም በእጁ ቀብቷል። እናቴ ብርጭቆውን ይዛ ስትመጣ ነጠላዋ ሸሸት አለ፤ ዓይኑ አንገቷ ላይ ሲያርፍ አየሁት። ውኃውን ተቀብሎ ጠጣ። እሷ ዞር ስትል በኮቱ ሥር መዳፉን ወደ እኔ ዘረጋ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት።

በኮቱ ጠርዝ ሲያሸው ቆየና ጠራት። «ነይ እስኪ። ይህን እዚያ ያኖርሽው አንቺ ነሽ?»

እናቴ ፊቷ ደም አጣ። «እንዲጠብቃቸው ብዬ ነው።»

«ጠበቀ እንጂ» አላት አባቴ። «እነሱን አይደለም፣ እኔን ነው የጠበቀው። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ትንፋሼ ቆሞ ነበር። ከዚያ ተመለሰልኝ። ለእኔ የመጣውን እነሱ ወስደውልኝ ነው። ልጅሽን ጠይቂ።»

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ያን ሌሊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። «አዎ እማዬ» አለ።

አባቴ ጠበል ሲረጭ ዓይኑን ጨፍኖ የሚስቅ፣ በስለትና በሕልም እናቴን ሲያፌዝባት የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ትንፋሹ እየቆረጠ፣ በማይታዘዙት ጣቶቹ መስቀሉን ክሯ ላይ ራሱ አሰረላት። እናቴ ያኔ አለቀሰች። ለዓሦቹ ያላለቀሰችውን፣ ለቁጣዬም ያላለቀሰችውን። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አባቴን ያን ያህል የወደድኩበት ቀን የለም።

ጥር ሲያልቅ ሞተ። እቤቱ ነው የሞተው፣ እናቴ ጀርባውን ደግፋ ይዛው። ለቅሶ ለደረሰው ሰው ሁሉ ስለ ዓሦቹ ትነግር ነበር፤ አንድ ጊዜ ሞት መጥቶ እነሱን ይዞ እንደተመለሰ፣ እግዚአብሔር አራት ወር እንደጨመረላት። ካህኑም ራሳቸውን ነቅንቀው ሰሟት።

አርባው ካለፈ በኋላ ገንዳውን አጥባ ለዘር የተመረጠ ገብስ አስቀመጠችበት። መስተዋት ስለሆነ ነቀዝ ሲገባበት ይታያል አለችኝ። አንድ ከሰዓት ፊቱ ተቀምጠን ሳለ መስቀሏን በጣቷ እያሻሸች ትክ ብላ ገብሱን ስታይ ቆየችና እንዲህ አለችኝ።

«አባትሽ ከጎንደር ከተመለሰ በኋላ ሌሎች ዓሦች ማስመጣት ነበረብኝ። ዳግመኛ ሲመጣበት የሚወስድለት አጣ። እኔ እያለሁ።» መስቀሏን ለቀቀችው። «ጣውንቴ በመሞቷ በልቤ ደስ ብሎኝ ይሆን እንዴ?»

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ማንም ምንም አልወሰደለትም ልላት እችል ነበር፤ መዳብና ጨው ነው፣ መስቀልሽ ነው። አንዱን ሸክም አውርጄ ሌላውን ልጭናት። አባቴ የሰጣት ማጽናኛ እንዲህ ዞሮ እንደሚወጋት አላሰበም፣ እኔም አላሰብኩም።

«ያኔውኑ ወንድሜን ጠይቄው ነበር» አልኳት። «መንገዱ ተዘግቶ ነበር እማዬ። ብንፈልግም ዓሣ ከጅቡቲ አይወጣም ነበር።»

«ጠይቀሽው ነበር?»

«ጠይቄው ነበር።»

ፊቴን አየችው። ተማሪዎቼ ሲዋሹኝ እንዴት እንደማውቅባቸው አውቃለሁና ዓይኔን አልሰበርኩም።

«እንዲያ ከሆነስ ደግ» አለች፣ ትከሻዋም ትንሽ ወረደ።

ወጣ ብዬ ለወንድሜ ደወልኩ። ስትጠይቀው እንዲሁ እንዲላት።