የልብስ ሰፊው ኮት

ከአውሮፕላን ከወረዱት መንገደኞች አንዱ፣ ሸበቶ ሽማግሌ፣ ምንዛሪ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ኮታቸውን አወለቁ። ገንዘቡን ሌባ ፈርተው ገበሩ ውስጥ ሰፍተውታል፤ መቀሳቸውን ደግሞ ሲሳፈሩ ፈታሾች ወስደውባቸዋል። በጥፍራቸው ሞከሩ፤ በተረፏቸው ጥርሶችም ሞከሩ። ክሩ ግን ወይ ፍንክች።

«ዕድሜ ልኬን ልብስ ሰፊ ነበርኩ፣ ልጄ» አሏት ገንዘብ ያዧን። «በሰፋሁት ሱሪ ስንቱን ሙሽራ ሰው ፊት ጉድ ሠርቻለሁ። ይኸው ዛሬ፣ በራሴ ላይ ሲሆን ጠበቀ።»

ሳቋን እንደምንም ውጣ መቀስ አቀበለቻቸው። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና መቀሱን መለሱላት።

«ይቆይ። ሴት ልጄ ውጭ እየጠበቀችኝ ነው። የሰፋሁላት ዩኒፎርም እየተተረተረ ሲሳቅባት ነው ያደገችው፤ ይህን መጀመሪያ እሷ ትየው። የታክሲውን እንደሆነ ራሷ ትከፍላለች።»